ኢንች ፍለጋ ወደ ካርቱም

በዚህ ዓምድ የሩቅ አገር ከተሞችን እንድናስጎበኛችሁ በተደጋጋሚ ጠይቃችሁናል። ዛሬ ካርቱምን ይዘንላችሁ ቀርበናል። ይሁንና ወደዚያች የሁለት ወንዞች ከተማ የወሰደን የጉብኝት ፍላጎት ሳይሆን፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እምብዛም የማይበልጥ የላስቲክ ቁራጭ መሆኑን ከወዲሁ ማሳወቅ ይገባናል።

በጦር ሰፈራችን «ባልቴቷ» እየተባለች የምትጠራውን ካሚዮን የማያውቅ ቤተሰብ የለም። ኤም 35 የሚባለው፣ ሁለት ቶን ተኩል እንዲጭን ታስቦ የተሠራው፣ ባለ አሥር ጎማ አሜሪካ ሠራሽ ወታደራዊ ካሚዮን ናት። አገራችንና አሜሪካ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ወታደራዊ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ በነበረው ዘመን የመጣች ስትሆን፣ በ1969 ዓ.ም. ግንኙነቱ ሲቋረጥ የመለዋወጫ ዕቃዋም ምንጭ አብሮ ደረቀ። የዘመን ጓደኞቿ ቦታቸውን ለኦራልና ለዚል እየለቀቁ ወደ ብረት ክምር ሲሄዱ፣ እርሷ ግን ከኮረብታችን ሥር ካለው ምንጭ ውሃ ስታመላልስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እናቶችን ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ገበያ ስታደርስ ቆይታለች።

ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በዋለ አንድ ቅዳሜ ጧት ባልቴቷ አሥራ አንድ እናቶችንና አራት ሕፃናትን ጭና ቁልቁል ስትወርድ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የፍሬኑ መርገጫ ያለ አንዳች ተቃውሞ ወለሉን ነካ። በሠራዊቱ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገሉት ሾፌራችን ሃምሳ አለቃ ማርሹን ቀንሰው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ የመኪናዋን ጎን ከተቆረጠው የአፈር ግድግዳ ጋር እያፋተጉ አቆሟት። አንዲት ሕፃን ከንፈሯ ተሰነጠቀ፤ አንድ ኩንታል ጤፍ መንገድ ላይ ፈሰሰ። ከዚህ የከፋ አለመድረሱ የሃምሳ አለቃው እጅና የፈጣሪ ቸርነት ነው። አዛዣችን በዚያው ዕለት ባልቴቷ ከቆመችበት እንዳትንቀሳቀስ አዘዙ። ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን እናቶች ናቸው። በማግሥቱ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው የዳገቱን መንገድ ጀመሩት።

አንባቢ የነገሩን ክብደት እንዲረዳ ስለ ፍሬኑ አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሾፌሩ መርገጫውን ሲጫን ዘይት ይገፋል፤ የታመቀ አየር ያንን ግፊት ያበረታዋል፤ ዘይቱም በቱቦ ወደ ስድስቱ የፍሬን ሲሊንደሮች ይሄዳል። በያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት የላስቲክ ጎሚኒዎች አሉ፤ ዘይቱ እነዚህን ገፍቶ የፍሬን ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቀዋል። በኋላ ዘመን የተሠሩ መኪናዎች የዘይቱ መንገድ በሁለት የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይይዛል። የባልቴቷ ግን አንድ ብቻ ነው። ከስድስቱ እግሮች በአንዱ አንዲት ጎሚኒ ከተቀደደች የስድስቱም ፍሬን ይጠፋል። የሚተርፈው የእጅ ፍሬኑ ብቻ ነው፤ እርሱም በዘይት ሳይሆን ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደውን ዘንግ በመያዝ ስለሚሠራ፣ ያን ቅዳሜ አሥራ አምስት ነፍስ ያተረፈው እርሱ ነው።

እንግዲህ የተቀደደችው አንዲት ጎሚኒ ነበረች። ጎንደር ጠየቅን፤ መርካቶ አስጠየቅን። ጎሚኒ ሞልቷል፤ ነገር ግን ያገኘነው ሁሉ በሚሊሜትር የተሠራ ነበር። አሜሪካኖች ባልቴቷን የሠሯት በኢንች ሲሆን አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ ሙሉ ቁጥር ላይ አይገጥምም። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥ ይሆናል፤ ዘይት ግን ያቺኑ ክፍተት አይስታትም። ከመኪና ውስጠኛ ጎማ ቆርጠን እንሥራላችሁ ያሉንም ነበሩ። ሃምሳ አለቃው «እኔ ለብቻዬ ብነዳት ኖሮ እሞክረው ነበር» ብለው ዝም አሉ።

ካርቱምን ያነሡት እርሳቸው ናቸው። ትውልዳቸው መተማ ነውና የድንበሩን ዐረብኛ ከልጅነታቸው ያውቃሉ። በሱዳን እንግሊዞች የለመዱት ካሚዮን ቤድፎርድና ኦስቲን ነበር፤ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ከወጣችም በኋላ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ቴጄ የተባለው ቤድፎርድ በረሃውን ሲያቋርጥ ኖሯል። ይህም በኢንች የተሠራ ነው። ሌላም ዝምድና አለ፤ የዘይት ፍሬንን እ.ኤ.አ. በ1917 በስሙ ያስመዘገበው ማልኮም ሎክሂድ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በእንግሊዝም ካሚዮኖች ፍሬን ላይ የሚነበበው ይኸው ሎክሂድ የሚል ስም ነው። ስለዚህ አሜሪካዊቷ ባልቴት በሱዳን እንግሊዛውያን የአጎት ልጆች አሏት ማለት ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ይህን ያህል ያረጀ መኪና ለማስጠገን በጀት ጠይቆ መከራከር የሚቻል አልነበረም። የሰፈሩ እናቶች ተሰብስበው የዚያን ወር እቁብ ለባልቴቷ እንዲወጣ ተስማሙ። ዕጣው የደረሳት የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ገንዘቡን በመሐረብ ቋጥራ ስትሰጠን እንዲህ አለችን፦ «መቶ አለቃ፣ ገንዘቡ የእኛ ነው፤ ልጆቹም የእኛ ናቸው። የሚመስል ዕቃ ሳይሆን የሚይዝ ዕቃ ይዛችሁ ኑ።» ይህን ቃል በኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ልብ ይበልልን።

የካቲት 2015 ዓ.ም. ፈቃድ ወስደን፣ የሲቪል ልብስ ለብሰን፣ ከአንዱ እግር የፈታነውን ሲሊንደር በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለን ተነሣን። ከጎንደር በአይከል፣ ከዚያም በሸኸዲ አድርገን ወደ መተማ ስንወርድ ደጋው ከኋላችን እየራቀ ሙቀቱ ፊታችንን መግረፍ ጀመረ። መተማ ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት ምድር መሆኗን የማያውቅ ወታደር የለም። ከዚያው ሥፍራ ሌላ ታሪክም አለ፤ በእኛ ጉዳይ ላይ ደግሞ በቀጥታ የሚናገር ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ብርጋዴር ስሊም የሚመራው የሕንድ ብርጌድ ከሱዳን ተነሥቶ፣ በጣሊያን እጅ የነበረችውን ጋላባትን አጠቃ። ምሽጉን ያዘ፤ ነገር ግን ታንኮቹ በቋጥኝና በፈንጂ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ። መለዋወጫ የጫነችውን ካሚዮን ደግሞ የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሏት። መተማን የመያዙ ዕቅድ ቀረ፤ ብርጌዱም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ፣ ጥር 12 ቀን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከካርቱም መጥተው በኦሜድላ ሲገቡም፣ አብረዋቸው የነበሩት ካሚዮኖች በየሸለቆው እየቀሩ ጉዞው በግመልና በበቅሎ ነበር የቀጠለው። ሃምሳ አለቃው ይህን ስንነግራቸው ነጠላ የለበሰውን ሲሊንደር በጉልበታቸው ላይ አስተካክለው ያዙት።

ከጋላባት ወዲያ ያለው አገር ሜዳ ነው። ገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ ከተማ ናት፤ ከዚያ እስከ ካርቱም ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስንጓዝ አንድ ቁልቁለት ይህ ነው ብለን ማመልከት አልቻልንም። ካርቱም ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ናት። ፈጣሪ ለእኛ ዳገቱን፣ ለእነርሱ የፍሬን ዕቃውን መስጠቱ ሳያስቀን አልቀረም። ከወድ መደኒ በኋላ የአባይን ውሃ ጠጥቶ የለመለመውን የጀዚራን እርሻ በመስኮት እያየን፣ አቧራ ለብሰን በምሽት ካርቱም ገባን።

ደይም በሚባለው ሠፈር ኢትዮጵያውያን ብዙ ነበሩ። አንዲት ምግብ ቤት የከፈተች እናት እንጀራ በወጥ አቀረበችልን፤ ቡናም አፈላችልን፤ የመጣንበትን ስትሰማ ግን ሳቀች። «ሰው ከዚህ ወርቅ ይወስዳል፣ ሽቶ ይወስዳል፤ እናንተ ጎሚኒ?» አለችና፣ ያረጀ መኪና የሚያውቁ ሰዎች የሚገኙት ኦምዱርማን መሆኑን ነገረችን።

እዚህ ላይ የሠራነውን ስህተት ሳንሸሽግ እንናገራለን። በማግሥቱ ወደ ኦምዱርማን ከመሻገራችን በፊት አንድ ትልቅ መደብር አየን። ሻጩ ሲሊንደራችንን ለክቶ፣ የአሜሪካ ባንዲራ የታተመባቸውን የሚያብረቀርቁ ካርቶኖች ደረደረልን። ልኩ ገጠመ፤ ዋጋውም ረከሰ። ሃምሳ አለቃው አንዱን አሽተው «ይቅርብን፤ ሌላም ቦታ እንይ» አሉ። እኛ ግን (እዚህ ላይ «እኛ» ስንል ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውን ማለታችን ነው) ፈቃዳችን እንዳያልቅ ቸኩለን፣ ማዕረግም ስላለን፣ የእቁቡን ሲሶ ከፍለን ገዛን። ሃምሳ አለቃው አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ይሁንና የማስተሩ ጎሚኒዎች አልተገኙምና በነጭ አባይ ላይ ያለውን ድልድይ ተሻግረን ኦምዱርማን መሄዳችን አልቀረም። የኦምዱርማን ገበያ እጅግ ሰፊ ነበር፤ ከቆዳ ሥራውና ከብር አንጥረኛው አልፈን፣ በቆርቆሮ በሮች መካከል በምትሄድ ጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ኡስታውን አገኘናቸው። ኡስታ ማለት በእነርሱ አነጋገር የሙያ አለቃ ማለት ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጭ ጀላቢያቸው እስከ ክርኑ በቅባት የጠቆረ ሰው ናቸው። ከደጃቸው የቆመው ቤድፎርድ የፋብሪካ መልኩ ጠፍቶ፣ በእንጨትና በብረት እንደገና ተሠርቶ፣ በአበባ ሥዕል ተሸልሞ ነበር። መሪው በቀኝ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1973 ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስትለወጥ ኡስታው ገና ረዳት እንደነበሩና ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ቀስ እያለ በመንዳቱ ሥራ ጠፍቶባቸው እንደነበረ እየሳቁ አጫወቱን።

የገዛናቸውን ካርቶኖች ስናሳያቸው አልሳቁም። አንዷን ጎሚኒ በሻይ ብርጭቆ የፍሬን ዘይት ውስጥ ነክረው ከምድጃቸው አጠገብ፣ ሙቀት በሚያገኝበት ቦታ አስቀመጡና «ሁለት ሌሊት» አሉ።

እስከዚያው መደርደሪያቸውን አሳዩን። የሱዳንና የእኛ ታሪክ በዚያ አቧራማ መደርደሪያ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጦ ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. እስከ 1971 መሣሪያዋን ከሶቪየት ኅብረት ታገኝ ነበር፤ ከዚያ ተጣልታ ኋላ ወደ አሜሪካ ዞረች። እኛ ደግሞ ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት ዞርን። በሁለቱም አገር ወላጅ አልባ የሆኑ ካሚዮኖች ቀሩ። ኡስታው ከታችኛው መሳቢያ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ፣ የአሜሪካ ጦር መለያ ቁጥር የታተመበት ጥቅል አወጡ። የባልቴቷ የራሷ ዕቃ! ሃምሳ አለቃው በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ኡስታው ግን ወረቀቱን ቀደው ጎሚኒዋን በሁለት ጣታቸው አጠፏት፤ ከንፈሯ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅ ታየ። ላስቲክ በመሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥም ያረጃል። ያን ሁሉ መንገድ ስንፈልገው የነበረው እውነተኛ ዕቃ ከሐሰተኛው የተሻለ ጥቅም አልነበረውም።

ሁለት ቀን መጠበቅ ግድ ሆነ። በጥቁር አባይ ዳር ስንዘዋወር መሊክ የምትባለውን አሮጌ የጦር ጀልባ አየናት፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ለንደን ውስጥ ቶርኒክሮፍት በተባለው ኩባንያ ተሠርታ፣ ክፍል በክፍል ተጭና መጥታ ሱዳን ውስጥ የተገጣጠመች፣ እ.ኤ.አ. በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት የተሰለፈች ናት። ባየናት ጊዜ ከውሃው ወጥታ በደረቅ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ኩባንያው ኋላ ወታደራዊ ካሚዮኖችንም ይሠራ ነበር። ሃምሳ አለቃው ግን ከጀልባይቱ ይልቅ የአባይን ውሃ ሲመለከቱ ቆዩ፤ «ይህ እኮ የእኛ አፈር ነው» አሉ፣ ቡናማውን ዳርቻ እያሳዩ።

በሦስተኛው ቀን ብርጭቆዋ ተነሣች። የእኛዋ ጎሚኒ አብጣ፣ ለስልሳ፣ ስትጫን ጣት የምታስገባ ሆናለች። ኡስታው እንዳስረዱን ለማዕድን ዘይት የሚስማማ ላስቲክ በፍሬን ዘይት ውስጥ ያብጣል፤ ለፍሬን ዘይት የሚስማማውም በማዕድን ዘይት ውስጥ እንደዚሁ። ያበጠች ጎሚኒ መጀመሪያ ትጣበቅና ፍሬኑ አልለቅም ይላል፤ ከዚያ ትቀደዳለች። ሃምሳ አለቃው አሁንም ምንም አልተናገሩም። ቢናገሩን ይሻለን ነበር።

ኡስታው የሰጡን ከፓኪስታን የመጣ፣ ምንም ማጌጫ የሌለው በላስቲክ ከረጢት የታሰረ ጎሚኒ ነው። በዚያ አገር ቤድፎርድ እንደ ሙሽራ እየተሸለመ መሥራቱን ስላላቆመ በኢንች የሚሠራ ሰውም አልጠፋም። ልኩ በላስቲኩ ላይ ታትሟል፤ ከሲሊንደራችን ጋር ተመሳከረ፤ የከንፈሩም ቅርጽ አንድ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን ከነከሯት ሁለተኛ ብርጭቆ የወጣችው ናሙና እንደገባች ወጣች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኡስታው ትንሽ ጣታቸውን በሲሊንደሩ ውስጥ አዙረው «አዲስ ጎሚኒ በበሰበሰ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?» አሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ብረቱን ከውስጥ በልቶታል። ዝገቱ ነው ጎሚኒዋን የቀደዳት። በረጅም ቁልቁለትም ፍሬኑ ሲግል ያው እርጥበት ወደ እንፋሎት ይለወጥና መርገጫው ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ዘይት በየጊዜው ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት እንጂ መጨመር ብቻ አይበቃም። ሲሊንደሩን ቶርኖ ላይ አሰፉትና ቀጭን የነሐስ ቱቦ አለበሱት፤ ሃምሳ አለቃው አጠገባቸው ቆመው ሙያውን ቀሰሙ። የቀሩትን አምስቱን ጎንደር ላይ እናሠራለን። ሃያ አራት ጎሚኒ ገዛን፤ አሥራ ሁለቱ ለመግጠሚያ፣ አሥራ ሁለቱ ለመጠባበቂያ። ለማስተሩም የሚሆነው ተገኘ። ለፍሬን ሸራ ቀብድ ከፍለን፣ በግንቦት ተመልሰን እንደምንወስድ ተነጋግረን ተለያየን።

ሰፈር እንደደረስን እናቶችን ሰብስበን የሲሶውን ገንዘብ ነገር ነገርናቸው፤ በሦስት ወር ከደመወዛችን እንደምንመልስም ቃል ገባን። ዝምታው ረዘመ። ገንዘቡን የሰጠችን እናት ያበጠችውን ጎሚኒ ተቀብላ በጣቷ ጫን ጫን አደረገቻትና «ይቺን ቢገጥሟት ኖሮ ቅዳሜ እንሳፈር ነበር ማለት ነው» አለች። ሌላ የተናገረ አልነበረም። ገንዘቡ በሦስት ወር ተመልሷል።

ለቤተሰብ አንባቢያን ከኡስታው ያመጣነው አንድ ምክር አለ። የድሮ መኪናዎች የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ አለ፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰርን ጨምሮ ከባድ በሽታ ያመጣል። ታምቡር ሲከፈት ብናኙን በአየር ማራገፍ ክልክል ነው፤ በውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግ ይገባል። ባለቤትዎ የፍሬን ሥራ ሠርቶ ሲመጣ ቱታውን ከደጅ ያውልቅ፤ ሳይራገፍ ለብቻው ይነከር፤ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይታጠብ። በውጭ አገር የሠራተኞችን ልብስ በማጠብ ብቻ የታመሙ ሚስቶች ብዙ ናቸው።

መጋቢት ላይ ባልቴቷ ሰው ሳይሆን ውሃ የሞሉ በርሜሎች ተጭነውባት ሦስት ጊዜ ቁልቁለቱን ወረደች። መርገጫው ከግማሽ በታች አልወረደም። በአራተኛው ሃምሳ አለቃው መስኮቱን ከፍተው «አሁን ይውጡ» አሉ፤ መጀመሪያ የወጣችው ከንፈሯ የተሰነጠቀው ሕፃን እናት ነበረች።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። በመተማ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ አገራችን ገቡ። የኦምዱርማን ገበያ ተዘረፈ፤ ብዙው ክፍሉም ተቃጠለ። የኡስታውን ስልክ ብዙ ጊዜ ደወልን፤ አይጠራም። ከደይም የተመለሰችውን ባለ ምግብ ቤት እናት ጎንደር ላይ አግኝተናት ነበር፤ ከመውጣቷ በፊት በዚያች ጠባብ መንገድ ማለፏን፣ የቆርቆሮ በሮቹ ተገንጥለው ማየቷን፣ ሽማግሌውን ግን አለማየቷን ነገረችን። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የሱዳን ጦር የካርቱምን ግዛት በሙሉ መቆጣጠሩ ሲነገርም በዚያው ቁጥር ደውለናል።

ሃምሳ አለቃው ጡረታ ወጥተው መተማ ገብተዋል። ጎሚኒዎቹን ያስረከቡን በጥቁር ጨርቅ በተጠቀለለ ማሰሮ፣ ከብርሃንና ከሙቀት ርቀው ነው። ከአሥራ ሁለቱ አራቱን ተጠቅመንባቸዋል፤ ስምንት ቀርተዋል።